ቀኝ ትከሻዬና የቢንያም ልጅ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ልብስ አጠብኩ። ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ጨው በዛበት። ከሰዓት ቢንያም ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ኮል አደረገልኝ። "ጋሽ ዋለልኝ፣ የልጁ አርባ ቁስቋም ላይ ይውላል። የክርስትና አባቱ እርስዎ ነዎት። ዮዲም ከእሳቸው ሌላ አልፈልግም ብላለች።" እሺ አልኩ። ባለቤቱም እንዲያ ካለች ምን ብዬ እምቢ ልበል? ስልኩን የያዝኩት ግን በግራ እጄ ነበር። ቀኙ ከደረቴ በላይ አልወጣ ካለ ወራት ሆነው። ሕፃን፣ ያውም ከውሃ የወጣ፣ የሚያዳልጥ… ብጥለውስ?

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ፓርኪንግ ሥራ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ሸዋዓለም ሲያየኝ ዋለ። "በግራ እጅ ቲኬት መስጠት የጀመርከው መቼ ነው?" ነገርኩት። ክኒኑን፣ ቴራፒውን፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። "ሮክቪል ከተማ አንዲት ቻይናዊት አለች፣ በእጇ አሽታ ነው የምታድነው። ወገቤን አቃናችው። ጸባዬን ግን አልቻለችም።"

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ
ሄድኩ። ሚስ ሊን ትባላለች፣ ወደ ስድሳ ይሆናታል። መግቢያው ላይ ፊቱ ቀይ የሆነ ጣዖት፣ ብርቱካን ቀርቦለታል። ልመለስ? በልቤ አማተብኩ። እጄማ ግንባሬ አይደርስ።
"ይሄን አውልቅ" ብላ ማተቤን ነካች። አይሆንም ብዬ ተነሳሁ። "ቁጭ በል፣ ቁጭ በል።" ማተቤን በአንድ ጣቷ ገለጥ እያደረገች በሌላው እጇ አንገቴን ታሽ ጀመር። ሙሉ ሰዓት እንዲሁ። ከዚያ ብርጭቆ በእሳት አሙቃ ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። ይሄማ ዋግምት ነው… አባቴ በቀንድ ይታገም የነበረው። ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ጥቅምት 20
ይባስ አመመኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
የነፍስ አባቴን ስለ ጣዖቱ ጠየቅኋቸው። "ሰገድክለት?" አልሰገድኩም አባ። "ታዲያ ምን ቸገረህ?" ልሄድ ስል ጠሩኝ። "አድራሻውን ላክልኝ እስቲ። እኔንም ጉልበቴ…"

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ
"ሚዛንህ ልክ አይደለም። በየትኛው ጎን ነው የምትተኛው?" አለች ሚስ ሊን። በቀኝ። "ሁልጊዜ?" ሁልጊዜ። "አልጋው ጠባብ ነው?"
ሰፊ ነው። መዓዛ ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር… ዛሬም ጥጉን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ የሷን ቦታ ሳልነካ ነው የምተኛው። ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር። ለሚስ ሊን ነገርኳት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እሷም በተሰባበረ መለሰችልኝ፦ "መሐል ተኛ። ሚስትህ አትቆጣም።"

ጥቅምት 27
ይቅር በይኝ መዓዝዬ። መሐል ተኛሁ። እስኪነጋ አልነቃሁም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
እጄ ግንባሬ ደረሰ። አማተብኩ… ደገምኩት። ተመስገን። ግን ይንቀጠቀጣል። ይህን ደብቄ እንዴት የሰው ልጅ እቀበላለሁ? ለቢንያም ደወልኩ። ክንዴን ገና አላመንኩትም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። "ሌላማ አልፈልግም ጋሼ። እኔ ከሥር ክርንዎን እይዛለሁ። እርስዎ ብቻ ይቀበሉት።"

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ቁስቋም
ተጠመቀ። ቄሱ ከውሃው አውጥተው ሰጡኝ። እርጥብ፣ የሚጮህ፣ ከገመትኩት የከበደ። ቢንያም ከኋላዬ ነው፣ ክርኔን እንደያዘልኝ ነው የማውቀው። ሜሮን ተቀባ፣ ነጭ ለበሰ፣ ቆረበ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከእቅፌ አልወረደም።
ስንወጣ "አንተ ባትይዝልኝ ኖሮ…" አልኩት። ሳቀ። "እኔ እኮ ገና ሲቀበሉት ነው የለቀቅኩት። ዮዲ ቪዲዮ ስታነሳ ነበር፣ ይዩት።"
አየሁት። ቢንያም እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሟል። ልጁን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።