ብቻዬን ዲላ የወረድኩ ዕለት

ለልጄ አባት፣ ለውዴ፤

አርባህን ትናንት አወጣን። በሕይወት ሳለህ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግርህ፤ ዛሬ ግን አንተ እልሃለሁ። ተቆጥቻለሁና አንቱ ከአፌ አይወጣም። አባቴ ቄሱ ፊደል ያስቆጠረኝ ጸሎት እንዳነብበት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሞተ ባሌ ደብዳቤ ጻፍኩበት።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። በቅሎዋን ባንዶች ወስደዋታል። የልጅህ የፊት ጥርሶች ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። አንተ ጥርስህን ጦር ሜዳ ላይ አጣሁት ትል ነበር፤ እናትህ ግን ልጅ ሆነህ ከዛፍ ወድቀህ እንደሆነ ነግረውኛል። እስከ ዛሬ እንዳላወቀ ሰው ዝም ያልኩህ አክብሬህ ነው። ግራ ትከሻዬ እስካሁን ወደ ላይ አይነሳም። የጎረቤታችን የወራሳ ቤት አመድ ሆኗል። እሱን ለመናገር ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ከተጋባን ወዲህ ከደጋው አገራችን ከቡሌ ዲላ ገበያ ስንት ጊዜ ወርደናል? መንገዱን ግን አላውቀውም ነበር። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ የማየው ጀርባህን ነው። ጋቢህ የቱ ጋ እንደተጣፈ አውቃለሁ፤ ወንዙን በየት በኩል እንደምንሻገር ግን ብጠየቅ አላውቅም። ስጠይቅህ ተከተይኝ ትለኝ ነበር። ጨው ልነግድ ነው ብለህ ስትወጣም እንዲሁ አምኜ ቀረሁ። ጫካ ገብተህ ከአርበኞች ጋር ሆነህ እንደምትዋጋ ወንድምህ ደምሴ ያውቅ ነበር፤ ወራሳም ያውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ሚስትህ ብቻ ነኝ። ካላወቀች ብትገረፍም የምታወጣው የላትም ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ቢገባኝም አልበረደልኝም።

ጣልያን የዲላን ገበያ ከቦ ወንዱን ሁሉ ሲያፍስ አንተና ወራሳ አብራችሁ መያዛችሁን ሰማሁ። ደምሴ ጫካ ነበር። ልጄን ለወራሳ ሚስት ትቼ፣ ቆጮና ቆሎ ቋጥሬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መንገድ ወጣሁ። ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ ጠፋሁ። አንድ ሰው ቡና ተክል ውስጥ አግኝቶ መለሰኝ፤ ደግሞ ጠፋሁ፤ ደግሞ ጠየቅሁ። ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ሲመጣ ደረስኩ ማለት ነው አልኩና በራሴ ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ታስረህ እኔ መንገዱን አገኘሁት ብዬ ልቤ አብጦ ነበር።

ካንተ ጋር ሳየው ትንሽ የነበረው ዲላ ብቻዬን ስሆን መጨረሻ አጣሁለት። ካሚዮን ጭቃ እየረጨ ያልፋል፤ የማላውቀው ቋንቋ ከየአቅጣጫው ይጮሃል። አንድ ነጭ ሹም ሲመጣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ትእዛዙ ለካ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆም ነው። አንዱ አስካሪ፣ የጣልያን ጥቁር ወታደር፣ ጀርባዬን ሁለት ጊዜ በአለንጋ ገረፈኝ። ቆጮውን አልጣልኩም። እስር ቤቱ የት እንደሆነ ማንንም መጠየቅ ፈራሁና ስንቅ የተሸከሙ ሴቶች ሳይ ተከተልኳቸው። በዚህም ኮራሁ።

በሩ ላይ አንድ አስተርጓሚ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ የልጄን አባት አልኩት። አስካሪዎቹ ሳቁ። ስም የለውም ወይ አለኝ። እናቴ የአባቴን ስም ጠርታ አታውቅም፤ እኔም ያንተን ጠርቼ አላውቅም። እዚያ ባዕድ ሁሉ ፊት ልጥራው? ግን ሳቃቸው አናደደኝ። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን መጥቼ የማንም መጫወቻ ልሁን? አንገቴን ቀና አድርጌ የአባ ውርጭ ሚስት ነኝ አልኩ።

ጎረቤት የሚጠራህ በዚያ ነበር። ከውርጩ ጋር ስለምትነሳ ነው ብለኸኝ አምኜሃለሁ። ጣልያን አባ ውርጭ የሚባል ሰው ስንት ወር ሲያድን እንደከረመ፣ መልኩን ብቻ እንዳጣው፣ አንተም በክርስትና ስምህ ጨው ነጋዴ ተብለህ ተገርፈህ ልትለቀቅ እንደነበር ማን ነገረኝ? አስተርጓሚው ሳቁን ተወ። ድምፁ ለስልሶ ወደ ግቢው አስገባኝና ስንቁን እንዲሰጥህ የትኛው እንደሆንክ ጠየቀኝ። እጃችሁን ታስራችሁ መሬት ላይ ተደርድራችኋል። በጣቴ አሳየሁት።

ስታየኝ ፊትህ በራ። ከዚያ ጣቴን አየህ።

በሰደፍ አፍህን ሲሉህ ደሙ አጠገብህ በተቀመጠው በወራሳ ፊት ላይ ተረጨ። በጫማ እየረገጡ፣ በእግርህ ይዘው ጎተቱህ። ወዳንተ ስሮጥ ትከሻዬን መቱኝና ወደቅሁ። ቆጮው ያኔ ነው ከእጄ የወጣው። በማግስቱ ገበያ መሃል ሰቀሉህ። ዞር ያለውን ሁሉ በአለንጋ ፊቱን ያስመልሱት ነበርና እግርህ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም አየሁ። ሬሳህን ለመንኳቸው፤ አልሰጡኝም። የት እንደጣሉህ አላውቅም።

አንተን ካገኙ በኋላ የቀሩትን ለቀቋቸው። ከወራሳ ጋር ወደ ቡሌ ተመለስን። ያን ሁሉ ዳገት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልተነፈስኩም። አገሩ ግን ወዲያው ፈረደ። አብረው ተይዘው አንዱ ተሰቅሎ አንዱ በሕይወት ከተመለሰ የተመለሰው ሸጦታል አሉ። ደምሴና ሰዎቹ የወራሳን እንሰት ከሥሩ ገነደሱት። ለስንት ዓመት የሚበሉት ነበር። ቤቱን አቃጠሉት። ሚስቱ፣ ልጄን ያቆየችልኝ ሴት፣ ደጇ ላይ ጭሱ ውስጥ ቆማ ስትጮህ እሰማለሁ። እኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው እያጽናናኝ፣ ዝም አልኩ። ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ፈራሁ።

ትናንት አርባህ ላይ ደምሴ ጠመንጃውን አንግቶ ዳሱ መሃል ቆመ። ወራሳ ጨለለቅቱ ከሚባለው መንደር መሸሸጉን ደርሰንበታል፣ ዛሬ ደምህን እመልሳለሁ አለ። ሰው ሁሉ ደግ አለ። ያኔ ተነሳሁ።

“ወራሳ አልሸጠውም። በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ።”

ሁሉን ተናገርኩ፤ አንገቴን ቀና ያደረግኩበትንም አልሸሸግኩም። ደምሴ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ። አባቴ ተነስተው መሃል ገቡ። አልተኮሰም፤ አባቴን ገፍትሮ አፌን በሰደፍ መታኝ። ሁለት ጥርስ ተፋሁ። እንግዲህ አንተም፣ ልጅህም፣ እኔም ወላቃ ሆነናል፤ የኔ እንዴት እንደወለቀ ግን እኔ ያው እውነቱን እናገራለሁ። ደምሴ ደጃችንን ላይረግጥ ምሎ ወጣ። ዳሱ ባዶ ቀረ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወራሳ መጣ። ወሬው ደርሶት ነው። ከግቢው ሳይገባ አጥሩ ጋ ቆመ። እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ አጠገቡ ነበርክ፣ ሁሉን አይተሃል፣ ቤትህ ሲነድ ስለምን ዝም አልክ አልኩት።

“እኔ ብናገር አንቺን ይገድሉሻል” አለ። “ቤት እሠራለሁ፣ እንሰት እተክላለሁ። ይቺ ልጅ እናት ከየት ታመጣለች?”

ተንበርክኬ እግሩን ልይዝ ስል ወደ ኋላ ሸሸ። ሊሄድ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ። ሊሰቅሉህ ሲወስዱህ ምን እንዳልክ ልሰማው እንደሚገባ ነገረኝ።

“አልተቆጣም። አፉ ተሰብሮ ቃሉ ሁሉ አይሰማም። ‘ከቡሌ ብቻዋን? ማን አሳያት መንገዱን?’ ነው ያለ። ሳቀ ደግሞ።”

አሁን መሽቷል፤ ወራሳ ሄዷል፤ ልጅህ ጉልበቴ ላይ ተኝታለች። ለጠየቅኸው ልመልስልህ። ማንም አላሳየኝም። ጠፍቼ፣ ጠይቄ፣ ተገርፌ ደረስኩ። ስደርስልህ ገደልኩህ። አንተ ሳቅህ፤ እኔ ግን ለራሴ አልስቅም።

ነገ የወራሳን እንሰት አብሬ ልተክል እሄዳለሁ፤ ሚስቱ ከፈቀደችልኝ። በየዓመቱ ያን ዕለት ደግሞ ብቻዬን ዲላ እወርዳለሁ፤ መቃብር ስለሌለህ ገበያው መሃል ቆሜ አለቅስልሃለሁ። እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ። በዚህ ጣት እንጀራ ቆርሼ ለልጅህ አጎርሳለሁ፤ በየት በኩል እረሳሃለሁ?