አባባን በውሸት ነው የወሰድኩብሽ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ለማለት አፍ የለኝም። አባባ «ልሂድ» ያለው ጠልቶሽ አይደለም። እኔ ዋሽቼው ነው።

ከዚያ ረጅም ሕመሙ ካገገመ በኋላ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ አንቺ ጋ ሦስት ወር ሲቆይ፣ ምን አስነክታው ነው ብዬ ልወስደው መጣሁ። አንቺ ከስፌት ቤት እስክትመለሺ ልፈልገው ወጣሁ። ወንዙ ድልድይ ጋ አየሁት፤ ከጎረቤትሽ ከሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። ሳልጠራቸው ተከተልኳቸው። አዛን ሲሰማ ሰውዬው አሮጌው መስጊድ ገባ፤ አባባ ከዘራውን ይዞለት ደጅ ቆመ። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው አባባ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ሰውዬው አጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀው። ሲወጣ፣ «ምነው ቆየህ? ያንተ ኃጢአት እኮ ተዘርዝሮ አያልቅም!» አለው። አባባ ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

ሰባት ዓመት ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ስቆ አያውቅም። በአንቺ ቀናሁ፣ በቀዛፊው ቀናሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ በወንዙም ቀናሁ።

በነጋታው ወደ ሥራ እንደሄድሽ፣ «ልጅህ ሰልችተሃታል፤ መናገር አፍራ ነው» አልኩት። ሸሚዞቹን ማጣጠፍ ጀመረ። መናኸሪያው ላይ «ምን አስቀየምኩህ አባባ?» እያልሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ሻንጣ እንደሚያስተካክል ሰው አጎንብሼ ነበር።

ከመጣን ወዲህ ግድግዳ ነው የሚያየው። ትናንት ምሳ ላይ ድንገት፣ «ወንዙ ሞልቶ ይሆን?» አለኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ «ለምን?» ብቻ አለ።

«ከእኔ ጋር ስቀህ አታውቅማ!»

«ራቁቴን አጥበሽኛል እኮ ልጄ» አለ። «ባየሁሽ ቁጥር አፍራለሁ። እዚያ ወድቄ ያየኝ የለም።»

እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የጠላኝ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ይዤው እመጣለሁ። እሱን ተቀበይው። እኔ ከወንበሬ አልነሳም፤ ካልጠራሽኝ በዚያው እመለሳለሁ፣ አልቀየምሽም። ከጠራሽኝ ግን፣ እባክሽ፣ እንደ ልጅነታችን «እትዬ» በይኝ።

የበደለችሽ ታላቅሽ