እርሳስ የጠጣው እቶን

ሳንታ ኢነስ፣ ሚቾዋካን
ማርች 9 ቀን 1998

ለምወድሽ ልጄ ለኒዬቬስ፣

እንደምን ሰነበትሽ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልዘዝሽ። እናትሽ በላከችልሽ ሳህን ላይ ምግብ ካለ አሁኑኑ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪው። የድስት ክዳንም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ፤ እጠብቅሻለሁ።

እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ዘንድሮም ሸሽቷል። አዲሱ ቄስ የአሮጌውን ቄስ ስብከት ከነሳሉ ወርሷል። ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው ወደ ቺካጎ የሚመለሰው የባልሽ አጎት ነው፤ በፖስታ ብልከው አንቺ ወልደሽ ልጁ ራሱ ያነበው ነበር።

ባለፈው እሑድ በስልክ «ሳህኖቹ ስላማሩ ግድግዳ ላይ ስቀያቸው» ስልሽ ሳቅሽብኝ። «አባዬ ደግሞ! እማዬ በየቀኑ ብዪባቸው ብላ መልእክት ልካብኛለች እኮ» አልሽ። አምሮትሽ ሎሚ በጨው ብቻ መሆኑን፣ በጎድጓዳዋ ሳህን ጨምቀሽበት እስከ ማታ እየላስሽ እንደምትውዪም አጫወትሽኝ። ሳህኖቹን የሚያብለጨልጨውን ቅብ መርዝ እንደ ሎሚ አድርጎ የሚያወጣው ነገር የለም።

ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። መንደሩ ሁሉ የሚደውለው ከዶኛ ቾሌ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ የስልክ ክፍሏን ትታ አትሄድም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሹራብ ትሠራለች። ሹራቡ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን እጅጌ አልወጣለትም። እዚያ የተነገረ ነገር ከተናጋሪው ቀድሞ ቤት ይገባል። መንደሩ በሙሉ የሚኖረው ከሸክላ ነው። «ሳህናቸው ይመርዛል» የሚል ወሬ ቢወጣ የስንቱ ቤት ምድጃ እንደሚጠፋ አስቢው። ስለዚህ እንደ ፈሪ ሰው ተናገርኩ፤ አንቺም እንደ ደስተኛ ሰው ሰማሽኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከሜክሲኮ ሲቲ እየመጣች ለምግብ ቤቶች የገበታ ዕቃ የምትነድፈው ሬናታ፣ ዓመቱን ሙሉ ከእናትሽ ጋር ስትሟገት ከረመች። እኔ ቅርጹን በተማሪ ደብተር ላይ እሥላለሁ፤ እነሱ በሥዕሉ ላይ ይጣላሉ።

«ዶኛ ዶሚ፣ ጠርዙ ቀጠን፣ መሃሉ ደግሞ ለጥ ይበልልኝ። ተደራርበው እንዲቀመጡ።»

«ሳህን ነው የወለል ንጣፍ የምትፈልጊው? መረቁ የት ይተኛ?»

«መረቁ በጎድጓዳው ይቀርባል።»

«ሰው ሀብታም ሲሆን ሆዱ ይበዛል እንዴ፣ እናቴ?»

ሳህኑ ላይ ለጌጥ ስለሚሣሉት ነጠብጣቦችም ተጨቃጨቁ። ሬናታ ግማሹ ሳህን ባዶ ይሁን አለች። እናትሽ «ባዶውን ለማን ልተወው? ለዝንብ?» አለቻት። በመጨረሻ እናትሽ ግማሹን ባዶ ተወችው። በማግስቱ የሚያያት ሰው የሌለ መስሏት ሳህኑን በክንዷ ርቀት ይዛ ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር እኔን እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

ሬናታ አንድ የማትለቀው ነገር ነበራት፤ ቅቡ እርሳስ የሌለበት ይሁን። አያትሽ፣ እናትሽ፣ መንደሩም ሁሉ ሳህን የሚያብለጨልጩበት ዱቄት እርሳስ ነው፤ ከመኪና ባትሪ የሚወጣው፣ ጥይት የሚሠራበት። እናትሽ አጉረመረመች፤ ግን አዲሱን ቅብ ተማረች። አምሮ የወጣውን የመጀመሪያውን ስብስብ ለምግብ ቤቱ አልሰጠችም። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ንጹሑ ይድረሳት» ብላ በጭድ ጠቅልላ ላከችልሽ።

ባለፈው ሳምንት ሬናታ ጫፉ ጥጥ የሆነ መመርመሪያ እንጨት ይዛ መጣች። እርሳስ ካገኘ ይቀላል። ከዚያው ስብስብ የቀረችውን አንዲት ሳህን አሸችበት። ቀላ።

«ዶኛ ዶሚ፣ አሮጌውን ቅብ ቀላቅለዋል?»

«በእመቤታችን! እኔ እዋሻለሁ?»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከእንጨትሽ ነዋ! የታመመው እንጨትሽ ነው።»

ሬናታ ሌላ እንጨት አወጣችና ጓሮ ሄዳ የእቶኑን የውስጥ ግድግዳ አሸችው። እንደ ሮማን ፍሬ ሆነ። አያትሽ የሠራችው እቶን ዕድሜውን ሙሉ የእርሳስ ትነት ሲጠጣ ኖሯል፤ ንጹሑን ሳህን ስንሰጠው ከጠጣው አካፈለው። ቅቡን ስንቀይር እቶኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። የእናቱን እቶን ማን ይቀይራል?

እናትሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «እርጉዝ ሴትን ይጎዳል?»

ሬናታ መሬት መሬት እያየች «ጽንስ ያስወርዳል ይላሉ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት እናትሽ የእሑድ ሻሏን ለብሳ ወደ ዶኛ ቾሌ ቤት ሄደች። ከአንቺ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ «ሆዴን በክፉ ዓይን አየችብኝ» ብላ ሰላምታ ወደ ነፈገቻት ሴት፤ የስልኩን ክፍል እንኳ ረግጣው ወደማታውቀው ቤት። ቀትር ላይ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል፤ በእጇ አራት እንቁላል ይዛለች።

«እንቁላል ልበደር ሄጄ ነው» አለችኝ።

ዶሮዎቻችን ግቢው ውስጥ ሲያስካኩ ሁለታችንም ሰማናቸው።

ይህን ስጽፍልሽ ከጓሮ የዶማ ድምፅ ይሰማኛል። እቶኑን እያፈረሰችው ነው። ላግዝሽ ስላት «አንተ ሥዕል ሣል» አለችኝ። ቅድም የጡብ ቀለም ያለው አቧራ ለብሳ ገባችና በትከሻዬ ላይ አጮለቀች።

«ለኒዬቬስ ነው?»

«አዎ።»

«ስቀያቸው ብለህ ነው የጻፍከው?»

«አትብዪባቸው ብዬ።»

«ሰባብሪያቸው በላት። የተሰቀለውን አንድ ቀን እንግዳ አውርዶ ይበላበታል።» ከበሩ ተመለሰች። «መምህር፣ ሌላውን ግን አትጻፍላት።»

ሌላውን አልጻፍኩም።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂና ደምሽ ውስጥ እርሳስ መኖር አለመኖሩን አስመርምሪ። ስለ ሳህኖቹ ብቻ አትንገሪው፤ የት እንዳደግሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ በምን እንደበላሽም ንገሪው። ሬናታ ትታልን የሄደችውን በራሪ ወረቀት አንብቤዋለሁ። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለመቀመጡ የሚናገረውን ክፍል ለእናትሽ አላነበብኩላትም፤ ላንቺም አልገለብጠውም። ሐኪሙ ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን አንብቡ፣ አንብቡ እያልኩ ኖርኩ፤ በዚህ ሳምንት ግን ማንበብ ባልቻልኩ ብዬ ተመኘሁ። ውጤቱን እንደመጣ ጻፊልኝ፤ ለእኔ ብለሽ አታለስልሺው።

ምሳ ቀረበ፤ ላብቃ። ባቄላው የቀረበው በፕላስቲክ ሳህን ነው፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ዳክዬ ያለበት። እናትሽ ትናንት በገበያ ቀን ገዝታ፣ በሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ ሳትሸፍነው በእጇ ይዛው መጣች። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ብቻ ተከትላት መጥታ፣ በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶሚ፣ የእኔም ምራት አርግዛለች» አለቻት። እናትሽ አስገባቻት፤ በሩንም ዘጉ።

የፓትስኩዋሮዋ የጤና እመቤታችን አንቺንም፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውንም በአንድ ክንድ ትቀፋችሁ። ባልሽን ፊዴንሲዮን ሰላም በይልኝ፤ ሳህኖቹን የምትሰብሩበትን መዶሻም እሱ ይያዝልሽ።

የሚወድሽና የሚፈራልሽ አባትሽ፣
ኤሌውቴሪዮ