የአምባዛው የጤና ምርመራ

ሰኞ

እትዬ አስቴር የስኳር ክኒኗን ትታለች! ምክንያቱም ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ «የኳንተም ምርመራ» ተከፍቷል። የብረት ዘንግ ያስጨብጣሉ፣ ኮምፒዩተሩ ጢው ይላል፣ ከፀጉር እስከ ጥፍር ያለ በሽታ በወረቀት ይወጣል። ደም አይቀዳ፣ ሽንት አይጠየቅ። ከዚያ ማግኔት ያለው አምባር ይሸጥልሃል። ባለቤቱ ዶክተር ነኝ አላለም፤ ዶክተር ሲሉት ግን አያርምም።

«ስኳርሽ ጠፍቷል አለኝ» አለች፣ አምባሯን እያሽከረከረች።

«የት ሄደ እትዬ?»

«የፊዚክስ አስተማሪው አንተ፣ ንገረኛ!»

ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ስለዚህ ቀልድ አልመጣልኝም። (ትንሽ መጥቷል።) የእግር ጣቷ ላይ ያለው ቁስል አልደረቀም።

ማክሰኞ

የትምህርት ቤታችን «አረጋግጥ» ክበብ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፦ እኔና የኬሚስትሪው ዳንኤል። አጀንዳ፦ ማሽኑ በሽተኛ ከጤነኛ መለየቱ ይቅርና ሰው ከሌላ ነገር ይለያል ወይ? እኔ ሙዝ አቀረብኩ። ሙዝ የአገር ልጅ ስለሆነ እንዳይዋረድ ተባለ። «ዓሣ ይሁን፣ ሆድ ዕቃ አለው» አለ ዳንኤል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ለእትዬ ደወልኩ። ውሃ ውሃ ይለኛል አለች። ሙቀቱ ነው አለች። አርባ ምንጭ መቼ ሳይሞቅ ቀርቶ ያውቃል? እኔን ግን በረደኝ።

ረቡዕ

ከጫሞ ሐይቅ አንድ አምባዛ ዓሣ ገዛሁ፣ ሆዱ የተጸዳ። እትዬን «እኔም ልመርመር፣ አብረን እንሂድ» አልኳት። «ጌታ ልብህን ከፈተው!» ብላ ደስ አላት። ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የዓሣ ሽታን እዚህ አገር ማን ይጠረጥራል? ሰውየው ዘንጉን አስጨብጦኝ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲዞር አምባዛው አፍ ውስጥ ሰካሁት። እትዬ አየች። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወረቀቱ ወጣ። እንቅልፍ ማጣት። የወገብ ድካም። የሥራ ጭንቀት። ጉበት፦ እጅግ ጤናማ። ጉበቱን እንኳ ዓሣ አጥማጁ ጠዋት ለአባ ኮዳ አሞራ ወርውሮለታል።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና «ዶክተር፣ ታካሚው ይኸው፤ አምባሩን የቱ ጋ እንሰርለት?» አልኩ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ኮምፒዩተሩን አጠፋ። እትዬ ከበሩ ሳንወጣ አምባሯን ፈታች። ድል!

ድሉ የቆየው ባጃጅ እስክንሳፈር ነው።

«የጤና ጣቢያውስ ማሽን?» አለች። «እሱም ቢሆን ያው ማሽን ነው።»

«እሱ ሌላ ነው እትዬ።»

«ሰውየውም የኔ ሌላ ነው ብሎኝ ነበር።»

ክኒኑን አልዋጠችም። አንዱን አረም ልነቅል ገብቼ ሰብሉንም ነቅዬው ወጣሁ።

ሐሙስ

ክፍል ሳለሁ ደወለች። «ና፣ ጤና ጣቢያ ውሰደኝ። ራሴ ነኝ የምፈትነው።»

እትዬ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በሰው ሜትር የተለካ አትገዛም፣ በራሷ ደግማ ትለካለች። ዛሬም እንደዚያው። አንዷ ሲስተር የደም ስኳሯን ከአንድ እጇ ጣት ለካች። ሌላዋ፣ የመጀመሪያው ውጤት ሳይነገራት፣ በሌላ መሣሪያ ከሌላው እጇ ለካች። ሁለቱም ተቀራረቡ። ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው። ሲስተሯ ቁስሉን አጥባ አሸገችው፤ «በጊዜ መጣሽ፣ እናቴ» አለቻት። ክኒኑን እዚያው፣ ዓይኔ እያየ ዋጠች። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አሁን ደግሞ ጤነኛ ሰው ይለካ» አለች እትዬ፣ እጄን ይዛ።

የኔም ከፍ ብሏል።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አልኩ። ከኔ አፍ ነው የወጣው! የማንጎ ጭማቂ ጠጥቻለሁ አልኩ። ጣቴ ላይ ላብ ነበር አልኩ። ሲስተሯ ነገ ጠዋት ምንም ሳልበላ እንድመጣ አዘዘች።

ዓርብ

ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ርቦኛል። እትዬ አጠገቤ ናት፤ ሱቋን ዘግታ መጣች።

«ምን ብዬ ልጸልይልህ?» አለች። «ማሽኑ እውነቱን ይናገር ልበል፣ ወይስ ይሳሳት?»

«እውነቱን ይናገር» አልኩ። ድምፄ ግን ቀጠነብኝ።

ስሜ ተጠራ።