የምድጃው ድርሻ

ጥር 6
ጡብ ሲጫን ዋለ። ጫማዬ ቀይ አቧራ ለብሶ ቤት ገባ። አለቃ ከምሳ በፊት ጠራኝ። በመጋቢት ትልልቅ ገዢዎች ይመጣሉ፤ ፋብሪካው ሙቀት አማቂ ጋዝ በስንት እንደሚቀንስ ሊነግራቸው ፈልጓል።
«አስር በመቶ በይው።»
«ለምን አስር?»
«ክብ ነዋ! አፍ ላይ ይጣፍጣል።»
አካባቢ ጥበቃ የሚባለው ክፍል እኔ ብቻ ነኝ። ማንን ላማክር?

ጥር 11
ሳይንቲስቶቹ የጻፉትን ሳነብ ሰነበትኩ። ነገሩ ቀላል ነው... ያስፈራል እንጂ። ምድር ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ እንዳትሞቅ ከተፈለገ፣ ከባቢ አየሩ ከእንግዲህ የሚሸከመው ጋዝ የተወሰነ ነው። ያ ለዓለም ሁሉ ሲከፋፈል ለእኛ ምድጃ የሚደርሰው ስንት ነው? ሠራሁት። በአስር ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉን መቀነስ አለብን። ደግሜ ሠራሁት። ያው ግማሽ!
ለባሌ ነገርኩት። «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ለባልሽ!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

ጥር 13
አለቃ «ግማሽ» የሚለውን ሲሰማ ሻዩ ትን አለው።
«በቃ ፋብሪካውን ዝጋው በይኝ!»
ቆይቶ ለስለስ አለ። «እሺ፣ የቢሮውን መብራት ብቻ ብንቆጥርስ? እሱን በደስታ ግማሽ እናደርገዋለን።»
«ጋዙ የሚወጣው ከምድጃው እኮ ነው።»
«ለዚህ ነዋ የማንቆጥረው!»
ሁለታችንም ሳቅን። ግን ስሜን አላስገባበትም አልኩት። ሳቁ ቆመ። ያባርረኝ ይሆን?

ጥር 14
አልተባረርኩም።

ጥር 20
የምድጃው ኃላፊ ጋሼ እሳት ሳያንኳኩ ገቡ። (እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም።) ፊታቸው ጠቁሯል።
«ምድጃዬን ልታጠፊ ነው አሉ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች የት ይግቡ?»
«ማንም ሳይባረር ነው የምንቀንሰው፣ ጋሼ።»
«እንዴት አድርገሽ?»
የት መድረስ እንዳለብን አውቃለሁ... መንገዱንስ? ትንሽ አዩኝና «ተነሽ በይ፣ ሄደን እንየው» አሉ።

የካቲት 3
ሰሞኑን ከምድጃው አልራቅኩም። ላብ በላብ። ከሚቀዘቅዘው ጡብ የሚወጣው ሙቀት በጣሪያው በኩል ዝም ብሎ ይሄዳል። እዚያው ጎን ደግሞ የእርጥብ ጡብ ማድረቂያ ክፍሉ ለብቻው ናፍጣ ይጠጣል።
«ይሄን ሙቀት ወደዚያ ብንወስደውስ?» አልኩ።
ጋሼ ራሳቸውን አከኩ። «ቱቦ ይፈልጋል... ማራገቢያም።»
ተያየን። እንደ ልጅ ፈነጠዝን! የግማሹ ትንሽ ቁራሽ ነው፤ ቢሆንም መነሻ ነው።

የካቲት 18
ስብሰባ። «ግማሽ» የሚለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።
«ግማሹ ቢያቅተንስ?» አለ አለቃ።
«እናፍራለና። አስሩ ቢሳካ ግን ሳናፍር ከነምድራችን እንሞቃለን» አልኩ።
ሳቅ ሆነ። ጋሼ እሳት እጃቸውን አወጡ። «እኔ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው አይታየኝም፤ አልዋሽም። ግን ስንሄድ ይታየን ይሆናል።»
አለቃ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። «ጉድ አፈላችሁብኝ! እሺ... ምድጃውም ይቆጠር።»
ቤት ስደርስ ባሌን ገና ከበሩ «መሰለ!» አልኩት።

መጋቢት 9
ገዢዎቹ መጡ። አንደኛዋ «ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሉት፤ እናንተ ለምን ግማሽ?» ብላ ጠየቀች። አለቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ከመጀመሪያውም ከሳይንስ ፈቀቅ አልልም» አላት። ጋሼ እሳት ሳል ያዛቸው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ይበል ግዴለም... በሰው ፊት ብሏል፣ እንግዲህ የት ይሄዳል?

ሰኔ 2
ቱቦው ተገጠመ። ማራገቢያው ጮኸ፣ አጓራ፣ ከዚያ ተረጋጋ። ጋሼ እሳት የማድረቂያውን ናፍጣ በገዛ እጃቸው ዘጉ። ሁላችንም በሩ ላይ ተኮልኩለን ጠበቅን። ማንም አይተነፍስም። ቀስ እያለ... ሞቀ! ያለ አንዲት ጠብታ ናፍጣ! ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አንዱ ጋሼን ሊሸከማቸው ሞክሮ አቃተው።
ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ።
«ልጄ፣ እንግዲህ ስንት ቀረን?»
«ኧረ ብዙ ነው፣ ጋሼ። ገና ብዙ።»
«ተመስገን! ጡረታ ውጣ ሊሉኝ ነበር እኮ።»
ነገ ጠዋት የምድጃውን በር አብረን እናያለን። ሙቀት ያስወጣል ብለዋል።