ሰው በእጁ ይያዘው ያልከው

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለባምላክ፣ ዛንዚባር

ከአንተ ሌላ የሌለኝ ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ እንደ ነገሩ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አባትህ ከሞተ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። በስልክ ስናወራ ስለምትቸኩል ሳልነግርህ ቀረሁ። የላክልኝንም ወረቀት ማንም አላነበበልኝም። ድሮ ደብዳቤህን አቻምየለሽ ስታነብልኝ፣ «እናቴ ናፍቆትሽ ገደለኝ» የሚል ቃል አይጠፋውም ነበር። አሁን የድሮዎቹን ሁሉ ከሳጥን አውጥቼ አነበብኳቸው። የለም። ጎረቤቴ ከራሷ እየጨመረች ታጽናናኝ ኖሯል።

የአሁኑ ወረቀትህ ስለ ዕቃህ ብቻ ነው። የመጥለቂያ ልብሱ ጨው እንዳይቀርበት በንጹህ ውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቢላዋው በእጅ አይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ከባትሪው ድንጋዩ ይውጣ። መነጽሩ እንዳይሰበር የባሕር ጫማው ውስጥ ይደረግ። ወገብ ላይ የሚታሰረው ክብደት ይቅር፣ አውሮፕላን ላይ ኪሎ ይበላል። ውሃ ሥር አየር የምትስብበት መተንፈሻ ግን ከጭነት ጋር አይጣል፤ ሰው በእጁ ይያዘው።

እንዳልከው አደረግሁ። እዚህ ውሃ በአህያ ተጭኖ እንደሚመጣ መቼም አልረሳኸውም። ሦስት ጀሪካን አፈሰስኩበት። አራት ዓመት ሙሉ ድሮ የጠለቅክበትን የሞምባሳን ጨው ይዞ ነው አልጋ ሥር የተቀመጠው። ከዚያ ጥቁሩን ልብስ ግራሩ ሥር ገመድ ላይ ሰቀልኩት። እጅም እግርም አለው፣ የጎደለው ራስ ብቻ ነው። ከሥሩ ጫማውንና መነጽሩን ደረደርኩ።

አቻምየለሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። በአገራችን ሰው በሰው አገር ሲሞትና ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱ ወጥቶ እንደሚለቀስ ታውቃለህ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። ሴቶቹም ተከተሏት። «ባምላኬ፣ ባሕር በላህ» ትላለች። እኔ እጄ ገና እርጥብ ነው። አልሞተም፣ ዕቃውን ፈልጎ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ልብሱን አየሁትና አባትህን ብቻዬን የቀበርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። አብሬያቸው አለቀስኩ። የነገርኳቸው ከወጣልኝ በኋላ ነው።

አቻምየለሽ በጣም ተቆጣች።

«በሕይወት ላለ ልጅ እርም ታወጫለሽ? ምነው ታሟርቺበት?»

«የት ነው ያለው?» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ መነጽሩን ጫማው ውስጥ አስገባችልኝ።

ሻንጣውን የሚያሻግርልህ ጎልቻ ነው፣ ሄሉ መንደር ያለው የፍየል ነጋዴ። ነገ በትንሿ አውሮፕላን ናይሮቢ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ አንተ ያሳፍረዋል። ዛሬ ጠዋት ጫት በሚመዘንበት ሚዛን አስመዘንነው። በሶና በርበሬ ሸጉጬበት ነበርና ከልኩ አለፈ። ጎልቻ፣ «ማማ፣ ወይ በሶው ይውጣ ወይ የባሕር ጫማው» አለኝ። በሶውን አወጣሁ። አንተ የጠየቅኸው ጫማውን ነው።

ስለ ጤናዬ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ሶሎሎ ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ እልህ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጪ ሰው ይዘሽ ነይ ብሎኛል ሐኪሙ። ሰው አለሽ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ሻንጣውን ስትከፍት መተንፈሻውን አታገኘውም። ጎልቻ በእጄ ልያዝለት ብሎኝ ነበር፣ አልሰጠሁትም። ደግ ሰው ነው፣ ግን በእጁ ከፍየል ገመድ ሌላ ይዞ አያውቅም። ሰው በእጁ ይያዘው ብለሃል፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ከአንተ ሌላ ሰው አላውቅም። በአባትህ ጋቢ ጠቅልዬ ራስጌዬ አድርጌዋለሁ። ያለ እርሱ ባሕር እንደማትወርድም አውቃለሁ። መጥተህ ውሰደው። ከሚያዝያ ዝናብ በፊት ይሁን። ከዘገየህ የቤቱን ቁልፍ ከአቻምየለሽ ጠይቅ።

በየብስም በውሃም ጠባቂህ አይተኛ። የጠለቅክበት ሁሉ መልሶ ያውጣህ።

በገዛ እጄ የጻፍኩልህ እናትህ፣
እታለማሁ