ከድንጋዩ ማዶ

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ይህ ልጅ በጤና ረዳትነት ተመርቆ ሥራ ከያዘ ወዲህ ምን ዋጠው ብለህ ሳትጠይቅ አልቀረህም። ለጤናህ እንዴት ነህ? የአቀስታ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

የተመደብኩት ረሀብተኛው በተጠለለበት ሰፈር ነው። ተስቦ እንዳይገባ ወንዱ ልብሱን አውልቆ ይሰለፍና የቅማል ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ክንዱ ላይ ሐምራዊ ቀለም እቀባዋለሁ። ቀለም የሌለው ስንዴ አይሰፈርለትም። አራጌ የሚባል ጎልማሳ ሦስት ቀን ሙሉ አላወልቅም አለ። ሰልፈኛው "ሙሽራ ነው እንዴ?" እያለ ይስቅበታል። እናቱ እማማ ብዙዬ ከድርሻቸው እየከፈሉ ያጎርሱት ነበር፤ እሳቸውም እያለቁ ነበር።

ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። በተወለደ ሰሞን ቤተሰቡ ተሰዶ ነበርና ሳይገረዝ ነው ያደገው። ሸለፈቱ ጠቦ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ሲሸና ይነፋበታል፣ ያቃጥለዋል። ሚስትም አላገባ።

"ቁረጠኝና ከሰው ልቀላቀል" አለኝ።

እኔም መቀሴን የምሞክርበት ቀን የመጣ መሰለኝ። ሃያ ዓመት ቁስል ያጠቡት ድሬሰር፣ ጋሽ ስማቸው፣ በረሀብ ያበጠውን የአራጌን እግር በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጎድጉዶ ቀረ።

"ይህ ገላ ቁስል የሚጠግግበት ምን አቅም አለው? መቀስህ አይሸሽህም" አሉኝ።

አፈርኩ። ሰውዬውን ልገድለው ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩትን ልጻፍልህ። ቁስል ወይም መግል ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ከዚያ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ አራርሶ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ሳያም እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ እዚያው ከቀረ አንቆ ያሳብጣል፣ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በኃይል የጎተተው ግን ይቀደድና ጠባሳው ይብስበታል። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይላቀቃል። ካልሆነ በመርፌ አደንዝዞ ከላይ ትንሽ ሰንጥቆ ማስፋት አለ። የመጨረሻው መገረዝ ነው፤ ትልቅ ሰውም ይገረዛል።

አራጌን ለብቻው ዱቄቱን ነስንሼ ክንዱን ቀባሁት። ስድስት ሳምንት ስንዴውን እየበላ ቅባቱን ሞከረ። ቃጠሎው ተወው፤ ቆዳው ግን የቆየ ጠባሳ ነበረውና አልላቀቅ አለ። የእግሩ እብጠት ሲጎድል ጋሽ ስማቸው እየመሩኝ ገረዝነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልብሱን አውልቆ ከሰልፉ ቆመ። ማንም ዞሮ አላየውም። ስሙን እንድጽፍልህ የፈቀደልኝ ራሱ ነው።

ወንድምዓለም፣ እጮኛህ ሐረግ ሰርጋችሁ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተላለፈ ጠይቃኝ አላውቅም ብያት ነበር። ያኔ እውነቴን ነበር። አንተ በተወለድክ ሰሞን ቤታችን ፈንጣጣ ገብቶ ዓመት ሙሉ ሰው ደጃችንን እንዳልረገጠ እናታችን ስታወራ ሰምቼ አላስተዋልኩም። ወንዝ ስንወርድም ከድንጋዩ ማዶ ለብቻህ የምትታጠበው ትልቅ ስለሆንክ ይመስለኝ ነበር።

ንጉሥ ይወርዳሉ ብሎ ማን አሰበ? ወረዱ። ዘንድሮ የማይሆን ነገር ያለ አይመስለኝም።

የማከሚያው ክፍል ቁልፍ በእጄ ነው። ለሰው ታናሼን ልጠይቅ ነው በል። ለእኔም ምክንያት አትጻፍልኝ፤ የምትመጣበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ፣ መንገድ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።

የእናታችን ዱአ አይለይህ።

ከድንጋዩ ወዲህ ሲታጠብ የነበረው
ታናሽ ወንድምህ